«ያልፋል» ብለን አንተኛ፦ ስለ ሪፎርም ዩኬ ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን እዚህ እንግሊዝ በምንኖር ሐበሾች መካከል አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከርሟል። የሚያወራው ስለ ፖለቲከኛው ናይጄል ፋራጅና ስለሚመሩት፣ ስደትን አጥብቆ ስለሚቃወመው ፓርቲ ስለ ሪፎርም ዩኬ ነው። ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው አራት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ ሪፎርም የአንድ ሰሞን ቁጣ ነው፤ ከሱ በፊት እንደመጡት ፓርቲዎች ይጠፋል። ሁለተኛ፣ የእንግሊዝ የምርጫ ሥርዓት ለአዲስ ፓርቲ በር አይከፍትም። ሦስተኛ፣ የሪፎርም ደጋፊ ጥቁር የሚጠላ ሰው ነው፤ ከሱ ጋር ንግግር የለም። አራተኛ፣ ለእኛ ነባሮቹ ሌበርም ሆነ ኮንሰርቫቲቭ ወይም ሪፎርም ያው ናቸው፤ የመኖሪያ ወረቀት ያለው ሰው ደግሞ የሚያሰጋው ነገር የለም። ስለዚህ ሥራችንን እንሥራ፣ ፖለቲካውን ለባለቤቶቹ እንተውላቸው ብለው ይጨርሳሉ።

ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። ሰው እንዳይደናገጥ ብለው በቅን ልብ እንደጻፉት ግን ያስታውቃል። ያም ሆኖ ምክራቸው ሰው ይጎዳል ብዬ ስለማምን ዝም ማለት አልቻልኩም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ዩኪፕም መጥቶ ነበር፤ የት ደረሰ?»

የጸሐፊው ዋና ማስረጃ ይሄ ነው። ዩኪፕ በ1993 የተመሠረተ፣ ፋራጅ ለዓመታት የመሩት ፓርቲ ነበር። በ2014 የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ ሌበርንም ኮንሰርቫቲቭንም ቀድሞ 24 መቀመጫ ይዞ አንደኛ ወጣ። በዓመቱ በጠቅላላው ምርጫ 3.9 ሚሊዮን ገደማ ድምፅ አገኘ፤ ፓርላማ የገባለት ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር። ዛሬ ዩኪፕን ከቁም ነገር የሚቆጥረው የለም። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ትክክል ናቸው።

ግን አንድ ጥያቄ ዘለዋል። ዩኪፕ የተቋቋመው ለምን ነበር? ብሪታንያን ከአውሮፓ ኅብረት ለማስወጣት ነው። ዴቪድ ካሜሮን በጥር 2013 ሕዝበ ውሳኔ አደርጋለሁ ብለው ቃል ሲገቡ፣ አንዱ ምክንያት ዩኪፕ መራጮቻቸውን እየወሰደባቸው መሆኑ ነበር። ሰኔ 23 ቀን 2016 ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ፤ 51.9 በመቶው እንውጣ አለ። አገሪቱም ወጣች። አንድ ወንበር የነበረው ፓርቲ የተነሳበትን ጉዳይ ከዳር አድርሷል። ጠፋ ማለት ተሸነፈ ማለት አይደለም።

ሰዎቹም የትም አልሄዱም። ፋራጅ በ2019 መጀመሪያ ብሬግዚት ፓርቲ የሚል አዲስ ስም ይዘው መጡ። ግንቦት ላይ በተደረገው የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ 29 መቀመጫ አገኙ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይ ሥልጣን እንደሚለቁ ያስታወቁት ድምፅ በተሰጠ ማግስት ነው። በዚያው ዓመት ለታኅሣሡ ጠቅላላ ምርጫ ፋራጅ ኮንሰርቫቲቮች በያዟቸው 317 ወረዳዎች እጩ አላቀርብም ብለው ለቦሪስ ጆንሰን መንገድ ጠረጉ። በጥር 2021 ስሙ ሪፎርም ዩኬ ሆነ። ፋራጅ ራሳቸው ለእንግሊዝ ፓርላማ ሰባት ጊዜ ተወዳድረው ሰባቱንም ጊዜ ወድቀዋል። የመጀመሪያው በ1994 ነበር። በስምንተኛው፣ ሐምሌ 2024 ላይ፣ በኤሴክስ ባሕር ዳር ክላክተን ላይ አለፉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲገነባ የኖረን ነገር የአንድ ሰሞን ቁጣ ማለት ይከብደኛል።

ጸሐፊው አያይዘው «በእንግሊዝ ታሪክ አዲስ ፓርቲ ነባሩን ተክቶ አያውቅም» ይላሉ። ይሄ ግን ስህተት ነው። ሌበር ራሱ የተካ ፓርቲ ነው። በ1900 የሠራተኛ ማኅበራትና ሶሻሊስቶች ተሰብስበው ያቋቋሙት ትንሽ ኮሚቴ ነበር። በ1906 ሃያ ዘጠኝ ሰው ፓርላማ አስገባ፤ ያን ጊዜ ሊበራሎቹ ወደ 400 የሚጠጋ ወንበር ይዘው አገሩን ይገዙ ነበር። በ1924 መጀመሪያ ራምዚ ማክዶናልድ የመጀመሪያው የሌበር ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በተደረገው ምርጫ ሊበራሎቹ 40 ወንበር ቀራቸው። አገር ሲገዛ የነበረ ፓርቲ በ18 ዓመት ውስጥ እዚያ ደረሰ። ኮንሰርቫቲቮች በ2024 121 ወንበር ብቻ ሲቀራቸው ይህን ታሪክ ያስታወሱ ይመስለኛል።

«ሥርዓቱ አያስገባቸውም»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

በእንግሊዝ አንድ እጩ ለማለፍ ከግማሽ በላይ ድምፅ አያስፈልገውም። በወረዳው ከሌሎቹ አንድ ድምፅ ከበለጠ በቂ ነው። ጸሐፊው የሚጠቅሱት ሶሻል ዴሞክራቲክ ፓርቲን ነው። በ1981 ሮይ ጄንኪንስን ጨምሮ አራት የታወቁ የሌበር ሰዎች ያቋቋሙት ፓርቲ ነው። በ1983 ከሊበራሎች ጋር ተባብረው 25.4 በመቶ ድምፅ አገኙ። ሌበር 27.6 በመቶ ነበር ያገኘው። ወንበር ሲቆጠር ግን ሌበር 209፣ እነሱ 23። ድምፃቸው በአገሩ ሁሉ እኩል ተበትኖ ስለነበር በየቦታው ሁለተኛና ሦስተኛ እየወጡ ቀሩ።

የሪፎርም ድምፅ ግን እንዲህ አልተበተነም። በ2024 ከአራት ሚሊዮን በላይ ሰው መረጠው፤ 14.3 በመቶ ማለት ነው። አምስት ወንበር ብቻ አገኘ። ጸሐፊው ይህን ቁጥር ጽፈው «አያችሁ?» ይላሉ። ያልጻፉት ቁጥር ግን አለ። ሪፎርም በ98 ወረዳዎች ሁለተኛ ወጥቷል። ከነዚህ 89ኙን ያሸነፈው ሌበር ነው። በምሥራቁ የባሕር ዳርቻ፣ በቀድሞ የከሰል ማዕድን አካባቢዎች፣ ፋብሪካ በተዘጋባቸው የሰሜን ከተሞች ድምፁ ተከማችቷል። እዚያ ላይ ትንሽ ከገፋ ወንበሩ በአንዴ ነው የሚመጣው።

ሌላው ደግሞ የማለፊያው ነጥብ ራሱ ወርዷል። በ1951 ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች አንድ ላይ 97 በመቶ ገደማ ድምፅ ወስደው ነበር። በ2024 አንድ ላይ 57 በመቶ አካባቢ ናቸው። ሌበር በ33.7 በመቶ ድምፅ ከ650 ወንበር 411 ያገኘው ለዚህ ነው። ድምፅ አምስት ቦታ ሲከፈል በሠላሳ በመቶ አገር መግዛት ይቻላል ማለት ነው። አዲሱን ፓርቲ ከደጅ ያስቀረው አጥር፣ ፓርቲው ግቢ ከገባ በኋላ እሱን ነው የሚጠብቀው።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም፤ ግንቦት 1 ቀን 2025 በአካባቢ ምርጫ ታይቷል። ሪፎርም 677 የካውንስል ወንበር ወስዶ አሥር ካውንስሎችን ተቆጣጠረ። ኬንት ላይ ከ81 ወንበር 57 አገኘ። ደራም ላይ ከ98 ወንበር 65። ደራም ማለት በ1919 ሌበር ለመጀመሪያ ጊዜ የካውንቲ ካውንስል የያዘበት፣ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች አገር ነው። እዚያ ሌበር አራት ወንበር ቀረው። አራት!

በዚያው ቀን ራንኮርንና ሄልስቢ የሚባል ወረዳ ላይ የማሟያ ምርጫ ነበር። በሰሜን ምዕራብ፣ ሊቨርፑል አጠገብ ነው። ከአሥር ወር በፊት ሌበር ከ14 ሺህ በላይ በሆነ ልዩነት ያሸነፈበት ቦታ ነው። እንደራሴው አንድ ሰው በቡጢ መትተው ተፈርዶባቸው ነበርና ወንበሩን ለቀቁ። ሌሊቱን ድምፅ ተቆጠረ። ልዩነቱ እጅግ ጠባብ ስለሆነ እንደገና ይቆጠር ተባለ። ሊነጋ ሲል ውጤቱ ተነገረ፦ ሪፎርም 12,645፣ ሌበር 12,639። በስድስት ድምፅ! ስድስት ሰው ማለት አንድ ቤተሰብ ነው። ያን ዕለት ደክሞኛል ብለው ከሥራ በቀጥታ ቤታቸው የገቡ፣ ሳይመዘገቡ የቀሩ፣ መታወቂያ ረስተው የተመለሱ ስንት ይሆኑ?

ለሚዛኑ ሌላውንም ልንገራችሁ። ጥቅምት 2025 ዌልስ ውስጥ ኬርፊሊ ላይ ለዌልስ ፓርላማ የማሟያ ምርጫ ነበር። ሌበር መቶ ዓመት የያዘው ቦታ ነው፤ ሪፎርም እንደሚወስደው ብዙ ሰው ጠብቆ ነበር። ሪፎርምን የማይፈልጉ መራጮች ግን አሸንፎ ሊያስቀረው ይችላል ባሉት በዌልስ ብሔርተኛ ፓርቲ በፕላይድ ካምሪ ዙሪያ ተሰባሰቡ። ፕላይድ 47 በመቶ፣ ሪፎርም 36፣ ሌበር 11 አገኙ። ከመራጩ ግማሽ ያህሉ ወጥቷል፤ ለማሟያ ምርጫ ይህ ብዙ ነው። ስለዚህ ሪፎርም አይሸነፍም እያልኩ አይደለም። ኬርፊሊ ላይ ያስቀረው ግን ሥርዓቱ ሳይሆን ከቤቱ ወጥቶ የመረጠ ሰው ነው።

«ደጋፊዎቹ ሁሉ ዘረኞች ናቸው»

ዘረኛ የለም አልልም። ነሐሴ 2024 ላይ ሮዘረም አጠገብ ጥገኝነት ጠያቂዎች ያደሩበትን ሆቴል ሰዎቹ ውስጥ እያሉ ሊያቃጥሉ የሞከሩትን አይተናል። ያን ሰሞን ሒጃብ የለበሰች እህት ብቻዋን አውቶቡስ መጠበቅ ፈርታ ነበር። ይህን ማንም እንዲያቃልለው አልፈቅድም።

ግን አራት ሚሊዮን ሰው በአንድ ቃል ጠቅልሎ መጣል ምን ይጠቅመናል? የፋራጅ ወረዳ ውስጥ ጄይዊክ የምትባል የባሕር ዳር መንደር አለች። በ1930ዎቹ ለለንደን ሰዎች የበጋ ማረፊያ ተብለው የተሠሩ ትንንሽ ቤቶች ናቸው። በኋላ ሰው ዓመቱን ሙሉ ይኖርባቸው ጀመር። ብዙዎቹ መንገዶቿ ለአሥርት ዓመታት ጉድጓድና ውሃ ያቆሩ ነበሩ። በመንግሥት የድህነት መለኪያ በ2010፣ በ2015፣ በ2019 እና በ2025 ከመላው እንግሊዝ የመጨረሻዋ ድሃ ሠፈር ተብላ ተመዝግባለች። አራት ጊዜ ተከታትሎ! በዚህ መሀል የኮንሰርቫቲቭም የሌበርም ጠቅላይ ሚኒስትሮች መጡ ሄዱ። ጄይዊክ ውስጥ ስደተኛ እምብዛም የለም። የሠፈሩን ሰው ኑሮ ያበላሸው ከፈረንሳይዋ ካሌ በጀልባ የመጣ ልጅ አይደለም። ግን ለዓመታት ማንም ዞሮ ሳያየው የኖረ ሰው፣ አንድ ፖለቲከኛ መጥቶ «ጥፋተኛው ያ ነው» ብሎ ጣቱን ሲቀስርለት ያዳምጣል። ይህን ሰው ዘረኛ ብለን ስንዘጋው ፋራጅን ነው የምንረዳው።

የስደት ጉዳይ ላይም እውነቱን እንነጋገር። ኮንሰርቫቲቮች በ2010 ወደ አገሪቱ በሚገባና ከአገሪቱ በሚወጣው ሰው መካከል ያለውን ልዩነት ከመቶ ሺህ በታች እናወርዳለን ብለው ቃል ገቡ። በ2023 ከ900 ሺህ አለፈ። ቪዛውን የሰጡት ራሳቸው ናቸው፤ ነርስና የአረጋውያን ተንከባካቢ ስለሚያስፈልግ፣ ዩኒቨርሲቲዎችም የውጭ ተማሪ ክፍያ ስለሚፈልጉ። ይህን ለሕዝቡ በግልጽ ከማስረዳት ይልቅ በየምርጫው «እንቀንሳለን» እያሉ ኖሩ። ያ ቁጥር ከዚያ ወዲህ ከግማሽ በላይ ወርዷል፤ የሚሰማው ግን የለም። መተማመን ከተበላሸ በኋላ ቁጥር ማሳየት ብቻውን አይመልሰውም።

ጸሐፊው ያለፉት አንድ ከባድ ነገር አለ። የኤፒንግ ጉዳይ። ሐምሌ 2025 ኤሴክስ ውስጥ ኤፒንግ በምትባል ከተማ ጥገኝነት ጠያቂዎች በሚኖሩበት ሆቴል ደጅ ትልቅ ሰልፍ ተነሳ። ምክንያቱ በቅርቡ በጀልባ የገባ አንድ ኢትዮጵያዊ የ14 ዓመት ልጅ ላይ ወሲባዊ ጥቃት ፈጽሟል ተብሎ መከሰሱ ነበር። መስከረም ላይ ጥፋተኛ ተብሎ ተፈረደበት። ጥቅምት ላይ ከእስር ቤት በስህተት ተለቀቀ፤ ተይዞም ወደ ኢትዮጵያ ተላከ። ብዙዎቻችን ያን ሰሞን አንገታችንን ደፍተን ነበር። ቅድሚያ የተጎዳችው ልጅ ናት። ወላጆቿ መቆጣታቸው ተገቢ ነው፤ የኔም ልጅ ብትሆን እቆጣ ነበር። አንድ ሰው ላጠፋው ግን ሌሊት ሲያጸዱና በሽተኛ ሲያስታምሙ የሚያድሩ ወገኖቻችን ሁሉ ተጠያቂ አይሆኑም። ሁለቱንም በአንድ አፍ መናገር እንችላለን። ዝም ስንል ግን ታሪካችንን ሌላ ሰው ይነግርልናል።

«ወረቀት ያለው አያሰጋውም፤ ሁሉም ያው ናቸው»

ምላሽ እንድጽፍ ያስገደደኝ ይሄ ነው።

መስከረም 2025 ሪፎርም ኢንደፊኒት የሚባለውን የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ጨርሶ እንደሚሰርዝ አስታወቀ። አዲስ ለሚመጡት ብቻ አይደለም። አሁን በእጃቸው ያለውም እንደገና እንዲያመለክቱ፣ በየአምስት ዓመቱ የሚታደስ ቪዛ እንዲይዙ፣ ከፍ ያለ የደሞዝ መስፈርት እንዲያሟሉ፣ ቤኔፊት የሚባለውን የመንግሥት ድጎማ እንዳያገኙ ነው የታቀደው። ጠቅላይ ሚኒስትር ኪር ስታርመር ዘረኛ ዕቅድ ነው ብለውታል። እንግዲህ «ወረቀት ያለው» የተባለው ሰው ማን ነው? በእኛ ዘንድ ብዙ ሰው ኢንደፊኒት ይዞ እዚያው የቆመው ሰንፎ አይደለም። የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነት አይፈቅድም። የኢትዮጵያ ፓስፖርቴን አልለቅም፣ አገሬ ቤት አለኝ፣ ወላጆቼ አሉ ያለ ሁሉ ብሪቲሽ ሳይሆን ኖሯል። ሃያ ዓመት ሠርቶ ታክስ የከፈለ ሰው እንኳ እንደገና ተራ ያዝ ሊባል ነው። የአረጋውያን ቤት ውስጥ የምትሠራ እህት ደሞዟ ያንን መስፈርት አይደርስም።

ሁሉም ያው ናቸው የሚሉት ጸሐፊው የሚጠቅሱት ማስረጃ ግን ባዶ አይደለም። ሌበርም ሕጉን እያጠበቀ ነው። በየካቲት 2025 ሆም ኦፊስ (የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር) በጀልባ የገባ ሰው ዜግነት ቢጠይቅ እንደ ደንቡ እንዲከለከል መመሪያ አወጣ። ግንቦት ላይ፣ ከአካባቢው ምርጫ ሽንፈት 11 ቀን በኋላ፣ ስታርመር አገሪቱ የማይተዋወቁ ሰዎች ደሴት እንዳትሆን ያሰጋል አሉ፤ በኋላ በቃላቸው ተጸጽተዋል። ኅዳር ላይ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ሻባና ማህሙድ ጥገኝነት በየ30 ወሩ እየታየ እንዲታደስ፣ ቋሚ ፈቃድ ለማግኘትም 20 ዓመት እንዲፈጅ የሚያደርግ ዕቅድ አቀረቡ። እኔም ይህን ሳነብ አዝኛለሁ።

ይሄ ግን የጸሐፊውን ነጥብ ያፈርሰዋል እንጂ አይደግፈውም። ሪፎርም ገና ሥልጣን ሳይዝ ገዢውን ፓርቲ ወደ ራሱ እየጎተተው ነው፤ ዩኪፕ ካሜሮንን እንደጎተተው ማለት ነው። ሌበር ወደዚያ የሚሮጠው የሚያጣውን ድምፅ ስለሚያይ ነው። የእኛን ድምፅ አያጣም፤ ምክንያቱም አብዛኞቻችን የመራጮች መዝገብ ላይ የለንም። እጩዎች የናይጄሪያንና የጋናን ማኅበረሰብ እየዞሩ ይጠይቃሉ። እነሱ የኮመንዌልዝ አገር ሰዎች ስለሆኑ ዜግነት ሳይወስዱም በሕጋዊ ፈቃድ እስከኖሩ ድረስ በሁሉም ምርጫ ይመርጣሉ። ኢትዮጵያም ኤርትራም ኮመንዌልዝ ውስጥ የሉም። ስለዚህ እንግሊዝ ውስጥ ኢንደፊኒት የያዘ ሐበሻ ለካውንስል እንኳ መምረጥ አይችልም።

ስኮትላንድና ዌልስ ግን ይለያሉ። እዚያ በሕጋዊ ፈቃድ የሚኖር የውጭ ዜጋ ለአካባቢ ምክር ቤትና ለራሳቸው ፓርላማ መምረጥ ይችላል። ግላስጎው፣ ኤደንብራ፣ ካርዲፍ ያላችሁ ይህን የምታውቁ ስንት ናችሁ? ምዝገባው በኢንተርኔት ነው፤ ናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥር ካላችሁ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው።

እንግሊዝ ላለነው ደግሞ ልጆቻችን አሉ። እናት ወይም አባት ኢንደፊኒት እያላቸው እዚህ የተወለደ ልጅ ሲወለድ ብሪቲሽ ነው። 18 የሞላው ሁሉ መምረጥ ይችላል፤ መንግሥትም ዕድሜውን ወደ 16 ሊያወርድ አቅዷል። ስንቶቻችን ነን ልጆቻችን መመዝገባቸውን የጠየቅን? ዜግነት ለመውሰድ የወሰነ ሰው ደግሞ ኢንደፊኒት ካገኘ ከዓመት በኋላ ማመልከት ይችላል። ክፍያው ከ1,600 ፓውንድ በላይ ነው፤ የእንግሊዝኛና የላይፍ ኢን ዘ ዩኬ ፈተናም አለ። ውድ ነው፤ የኢትዮጵያን ፓስፖርት መተውም ቀላል ውሳኔ አይደለም፤ ማንም ለማንም ሊወስንለት አይችልም። ቀጣዩ ጠቅላላ ምርጫ ቢዘገይ ነሐሴ 2029 ነው። ጸሐፊው ከሕዝቡ ጋር የሚገናኙበት መንገድ እንዳላቸው ጽሑፋቸው ያሳያል። የሚቀጥለው ጽሑፋቸው መራጭ ሆኖ ስለመመዝገብ ቢሆን እኔ ራሴ ለማውቀው ሰው ሁሉ እልክላቸዋለሁ።